ፓይለቱን ለመጨረስ 900,000 ብር ከየት ይምጣ?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«27 ዓመቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ቤት በጋራ ስለተከራዩ አራት ወጣቶች የሚናገር የቴሌቪዥን ድራማ ፓይለት (ለናሙና የሚሠራ የመጀመሪያ ክፍል) ጀምሬያለሁ። በግንቦት 2016 ሰባት ቀን ቀረጽን፤ ሦስት ቀን ሲቀረን ብር አለቀ። እስካሁን 520,000 ብር ወጥቷል። ግማሹ ቀድሜ የወሰድኩት እቁብ ነው፣ ዛሬም እየከፈልኩ ነው። የቀረጽንበት ቤት በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል። ፉቴጁ (የቀረጽነው ምስል) ያለው ኤዲተሩ ጋ ነው፤ ቀሪ ስላለብኝ ደፍሬ አልደወልኩለትም። ያኔ 400,000 ይጨርሰዋል ያልነውን አሁን ሳሰላው 900,000 ሆነ፦ ሦስት ቀን ቀረጻ 360,000፣ ኤዲቲንግ 120,000፣ ከለር (የምስሉን ቀለም ማስተካከል) እና ድምፅ 150,000፣ ሙዚቃ 70,000፣ ለባለሙያዎች ያልተከፈለ 140,000፣ ልዩ ልዩ 60,000። አንድ ነጋዴ ‹ሙሉውን ልክፈል፣ ከሥራው 60 በመቶ የእኔ ይሁን› ብሎኛል። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ኪክስታርተር (በኢንተርኔት ከብዙ ሰው ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ) ላይ እናውጣው ይላል። የቱን ልምረጥ? ወይስ ትቼው ሥራ ልቀጠር?»

እህቴ፣ ስለ ብሩ ከማውራታችን በፊት ስለ ፉቴጁ። 520,000 ብርሽም፣ የሰባት ቀን ድካማችሁም ያለው ሰው ቤት፣ ምናልባትም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስክ ይወድቃል። መብራት ሄድ መጣ ሲል ይበላሻል። ይሰረቃል። እኔ በሠራሁበት አንድ ሥራ ላይ የሁለት ቀን ቀረጻ እንዲሁ ጠፍቶብናል፤ ተዋናዮቹን መልሰን ለመሰብሰብ ያወጣነው ወጪ ብዙ ዲስክ ይገዛ ነበር። ነገ ደውይለት። «ቀሪህን አልረሳሁም፣ መጠኑን በጽሑፍ ላስፍርልህ» በይውና ሁለት ኮፒ አስወጪ። አንዱ አንቺ ጋ፣ አንዱ ሌላ ሰፈር ይቀመጥ። ከገንዘቡ መዘግየት ይልቅ ሰውን የሚያስቀይመው ድምፅሽ መጥፋቱ ነው።

አሁን ወደ 900,000 እንምጣ። መጀመሪያ፣ በጀቱ ለምን ከእጥፍ በላይ እንዳደገ አንቺው ቀድመሽ አስረጂ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካሜራው፣ ሌንሱ፣ መብራቱ፣ ዲስኩ ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው፤ አከራዩም ዋጋውን ከፍ አደረገ። አንቺ ግንቦት ላይ ቀርጸሽ ይህ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ጥፋትሽ አይደለም። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ግን ምክንያቱን አይጠይቅሽም። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያይና «ይቺ ልጅ በጀት አታውቅም» ብሎ በልቡ ይዘጋዋል። በሁለት መስመር ጽፈሽ በጀቱ ግርጌ ላይ አስቀምጪው።

ቀጥሎ ያሳሰበኝ ሦስቱን ቀን እንደ ድሮው ለመቅረጽ ማሰብሽ ነው። ቤቱ የለም። ሌላ ቤት ፈልጎ፣ ግድግዳ ቀብቶ፣ ያንኑ ለማስመሰል መሞከር ገንዘብ ይበላል፤ ተመልካችም ይነቃል። ተዋናዮችሽም ያኔ የነበሩት አይደሉም። በ20ዎቹ መጀመሪያ ያለ ልጅ በዚህን ያህል ጊዜ ፊቱ ይለወጣል። ጢም ያበቅላል፣ ትከሻው ይሰፋል፣ ፀጉሯን የተቆረጠችም ትኖራለች። በር ከፍቶ ሲገባ አንድ ሰው፣ ሳሎን ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆንብሻል።

ስለዚህ ጊዜው ማለፉን ታሪኩ ውስጥ አስገቢው። አራቱ ልጆች ከሁለት ዓመት በኋላ ካዛንቺስ ላይ ይገናኙ። ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ቆመው «ማድ ቤቱ እዚህ ጋ ነበር»፣ «አይደለም፣ እዚያ ነበር» እያሉ ይከራከሩ። አንዷ ሥራ ይዛለች፣ አንዱ ወላጆቹ ቤት ተመልሷል፣ አንዱ ሊሄድ ቪዛ እየጠበቀ ነው። ይህን ስጽፍልሽ ራሴ ማየት አማረኝ። በቀን ብርሃን፣ ከቤት ውጭ፣ ቢበዛ በአንድ ቀን ተኩል የሚቀረጽ ነው። መብራት ብዙም አያስፈልግም። ድሮ የቀረጽሽው በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ አዲሱም በዚያው ይሁን፤ ሌንሱንም ያንኑ ዓይነት ተከራዪ። የመንገድ ቀረጻ ፈቃዱን ግን አስቀድመሽ በደብዳቤ ጨርሺ። ተዋናይና ካሜራ አሰልፎ መከልከል ሙሉ የቀን ኪራይ ያስከፍላል። በዚህ መንገድ 360,000 የነበረው ወደ 150,000 ይወርዳል ብዬ አስባለሁ።

ያልከፈልሽውን 140,000 ደግሞ ለስፖንሰር ከምታሳዪው ዝርዝር አውጪው። ስፖንሰር የወደፊቱን ይከፍላል እንጂ የቆየ ዕዳ አይከፍልም። ዕዳውን ለሁለት መድቢው። ሹፌሩን፣ የመብራት ልጆቹን፣ ምግብ ያቀረበችላችሁን ሴት በጥሬ ብር ክፈያቸው። ስማቸው ክሬዲት ላይ ቢወጣ ኪራይ አይከፍልላቸውም። ካሜራማኑና ዋና ተዋናዮቹ ግን ሥራው ሲሸጥ ለመቀበል ሊስማሙ ይችላሉ። ሲስማሙ በወረቀት ይሁን፦ ስንት፣ ከየትኛው ገቢ፣ ሥራው ባይሸጥስ ምን ይሆናል። «እንተዋወቃለን» የሚባለው ነገር ብዙ ጓደኝነት ሲያፈርስ አይቻለሁ። በጥሬው የሚከፈለው 60,000 ገደማ ቢሆን እንበል።

«ልዩ ልዩ» የሚለውን ሰርዢው። በጀት የሚያነብ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው እሱ ላይ ነው። «መጠባበቂያ 10 በመቶ» በይው። እንግዲህ ቀረጻ 150,000፣ ኤዲቲንግ 120,000፣ ከለርና ድምፅ 150,000፣ ሙዚቃ 70,000፤ ድምር 490,000። መጠባበቂያው 49,000፣ ለሠራተኞቹ 60,000። ጠቅላላ 599,000። 600,000 እንበለው።

600,000ንም ቢሆን ማንም በአንዴ አይሰጥሽም። ስለ ሥራሽ የሰማ ሰው «በርቺ» ይልሻል። እጁ ኪሱ ውስጥ የሚገባው ያየው ነው። ስለዚህ ከዚሁ በጀት ላይ የመጀመሪያውን 50,000 ብር አራት ደቂቃ ለመጨረስ አውዪው። ትሬለር ማለቴ አይደለም። ትሬለር ሁሉም ይሠራል፤ ፈጣን ሙዚቃና ቁርጥራጭ ምስል ተቀጣጥሎ ሁሉም ያምራል። እኔ የምልሽ አንድ ሙሉ ትዕይንት ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ኤዲቱ፣ ከለሩ፣ ድምፁ ያለቀለት። አራቱ ለኪራይ የሚያዋጡበት፣ አንዱ ብር ጎድሎበት የሚዋሽበት ዓይነት ትዕይንት ይኖርሻል ብዬ እገምታለሁ። እሱን ምረጪ። ሰው ተዋናዩን አምኖ እንደሚቀመጥ፣ ንግግሩ እንደ ሰው ንግግር እንደሆነ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ብሩ ቢያጥር ከከለሩ ቀንሺና ለድምፁ ስጪ። የእኛ ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ቻናል ያስቀይረዋል።

ከዚያ 40 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ፈልጊ። ፒያሳ ያለው አልያንስ ኢትዮ-ፍራንሴ፣ ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት፣ የጣሊያን የባህል ተቋም ለእንዲህ ዓይነት ዝግጅት የለመዱ ናቸው። ፕሮግራማቸውን ቀድመው ስለሚያወጡ ደብዳቤሽ ቀደም ብሎ ይድረሳቸው። ትልቅ ሲኒማ አትከራዪ። ግማሹ ባዶ የሆነ አዳራሽ ውስጥ አራት ደቂቃ ማሳየት ሥራውን ያሳንሰዋል። የምትጠሪያቸው ሰዎች ጥቂት የማርኬቲንግ ኃላፊዎች፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያ የፕሮግራም ክፍል ሰዎች፣ ተዋናዮችሽ፣ ሠራተኞችሽና ዕድሜያቸው ከገጸ ባሕርያቱ ጋር የሚቀራረብ ልጆች ይሁኑ። እነዚህ ልጆች የግድ ያስፈልጉሻል። አንድ የባንክ ሰው ወጣቶቹ የት ላይ እንደሚስቁ፣ የት ላይ ዝም እንደሚሉ ባይኑ ሲያይ አንቺ ከምታቀርቢው የጥናት ወረቀት ሁሉ ይበልጥበታል።

እዚያው ማይክ ይዘሽ ብር አትጠይቂ። ሰው ይሸማቀቃል። ሲወጡ አንድ ገጽ ስጪያቸው። ገጹ ላይ 600,000 የሚል ቁጥር ጎልቶ አይታይ፤ ቁርጥራጮቹ ይታዩ፦ ድምፅ 75,000፣ ከለር 75,000፣ ሙዚቃ 70,000፣ የካዛንቺስ ቀረጻ 150,000። የአንድ ትልቅ ነገር ትንሽ ፍርፋሪ ከመስጠት አንድ ሙሉ ትንሽ ነገር መሸፈን ሰውን ደስ ይለዋል። «የድራማውን ሙዚቃ እኔ ነኝ ያሠራሁት» ማለት ይችላል። ስቱዲዮዎችም ከዚህ ገጽ ላይ ድርሻ ሊያነሱ ይችላሉ። አንድ የድምፅ ስቱዲዮ በግማሽ ዋጋ ልሥራልሽ ካለ ግማሹን እንደ ስፖንሰርነት መዝግቢው፤ ለሚቀጥለው ሰው ስታሳዪ ሌላ ሰው አምኖብሽ እንደገባ ይታያል።

ጊዜውንም አስቢበት። በእኛ አገር የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ባንኮችና አብዛኞቹ ትልልቅ ድርጅቶች በዚህ ይሄዳሉ። የማስታወቂያ ዕቅድ የሚወጣው ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ነው። ዝግጅትሽ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ ቢሆን ለአዲሱ ዕቅድ ትደርሻለሽ። ጥቅምት ላይ ብትሄጂ «ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» ነው መልሱ።

ማንን ታናግሪ? ድሮ ቢሆን መጀመሪያ የምትሄጂው ቢራ ፋብሪካ ነበር። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል። በቀረጽሻቸው ትዕይንቶች ውስጥ ልጆቹ ቢራ ይዘው ከሆነ የጠርሙሱ ምልክት ጎልቶ እንዳይታይ ኤዲቱ ላይ ተጠንቀቂ፤ ጣቢያው ይመልስብሻል። አሁን የምትሄጂው ገጸ ባሕርያትሽ በቀን በቀን ወደሚጠቀሙበት ነገር ነው። ብር የሚላላኩበት የሞባይል ሒሳብ አለ። ራይድ የሚጠሩበት መተግበሪያ አለ። ለስላሳው፣ የቡናው ቤት፣ የንፅህና ዕቃው አለ። በታሪኩ ውስጥ ቀድሞም ያለውን አሳያቸው። አራት ጓደኛሞች ኪራይ ሲያዋጡ በስልክ ነው የሚላላኩት፤ ያንን ትዕይንት ሳትነኪ ስፖንሰር ታገኛለሽ። «አንድ ትዕይንት ጨምሪልን፣ ልጅቷ ስለ ቁጠባ ታውራ» ካሉሽ ግን እምቢ በይ። ወጣቱ ወዲያው ይነቃበታል፤ ለእነሱም አይጠቅማቸውም።

ስፖንሰሩ እሺ ሲል ወዲያው የሚጠይቅሽ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ነው። ከሌለሽ ፈቃድ ያለው ፕሮዳክሽን ጋር በውል ተጠግተሽ መሥራት ትችያለሽ፤ ኮሚሽኑን ግን ቀድመሽ ተስማሚ። ቫቱንም አትርሺ። «300,000፣ ቫትን ጨምሮ» ካሉሽ 15 በመቶው ሲነሳ የሚቀረው 260,870 ብር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ዊዝሆልዲንግ (ከፋዩ ቀንሶ የሚያስቀረው ግብር) ይቆረጣል። ብዙ ጀማሪ 300,000 መጣ ብሎ ቀረጻ ይይዝና መጨረሻ ላይ ይጎድልበታል።

ስለ ጣቢያዎቹ ብዙ አልልም። ብዙ ቦታ የተለመደው አሠራር ፕሮዲውሰሩ የአየር ሰዓት ገዝቶ ወይም ገቢ ተካፍሎ ስፖንሰር ራሱ እንዲያፈላልግ ነው። በፓይለት ብር የአየር ሰዓት አትግዢ፤ አንድ ክፍል ይዘሽ ሰዓት ብትገዢ ምን ታሳዪበታለሽ? ከጣቢያው የምትፈልጊው ደብዳቤ ነው፦ «ሥራውን አይተነዋል፣ ሲጠናቀቅ ለመነጋገር ፍላጎት አለን» የሚል፣ ማህተም ያለበት። ስፖንሰሩ ጋ ስትሄጂ ይህ ወረቀት ብዙ በር ይከፍትልሻል።

ነጋዴው ያቀረበልሽን ሳነብ ትንሽ ቆሜ አሰላሁ። አንቺ 520,000 አውጥተሻል፣ እሱ 900,000 ሊያወጣ ነው፤ ድምሩ 1,420,000። የእሱ ድርሻ 63 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ 60 ያለው ከሜዳ አንስቶ አይደለም፤ ምናልባትም ለአንቺ አስቦ ቀንሷል። ክፉ ሰው አድርገሽ አትይው። ስሕተቱ ግን ብሩን ብቻ መቁጠሩ ነው። ስክሪፕቱን፣ የዳይሬክተርነት ሥራሽን፣ እስከ ዛሬ የለፋሽበትን ጊዜ በዜሮ ነው የገመተው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ «ከሥራው» የምትለዋ ቃል ናት። የቱ ሥራ? ፓይለቱ ብቻውን ገበያ የለውም። ዋጋ ያለው ከሱ በኋላ የሚመጣው ሙሉ ሲዝን ነው። ዛሬ በአንድ ክፍል ዋጋ የ13 ወይም የ26 ክፍል ድራማ፣ የገጸ ባሕርያቱንም፣ የርዕሱንም አብላጫ ትሰጪዋለሽ። ነገ ጣቢያ ሲመጣ ፈራሚው እሱ ይሆናል።

አንዲት የማውቃት ጸሐፊ በአንድ ገጽ ውል ላይ «ማንኛውም መብት» የሚል ሐረግ ሳታስተውል ፈረመች። ገንዘብ ሰጪው በመሃል ተወው። እሷ ግን የራሷን ታሪክ ይዛ ሌላ ቦታ መሄድ አልቻለችም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ይህ የሚጠብቅሽ ካልፈረምሽ ነው። ከፈረምሽ ያው ጽሑፍ ይይዝሻል።

በኔ ግምት እንዲህ ብለሽ ብትመልሺለት ጥሩ ነው። ከሚገባው የመጀመሪያ ገቢ ያወጣው ብር ቀድሞ ይመለስለት፣ 20 በመቶ ተጨምሮበት። ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው ሲዝን የተጣራ ትርፍ 15 በመቶ ያግኝ። የስክሪፕቱ፣ የገጸ ባሕርያቱና የርዕሱ መብት ያንቺ ይቆይ። ብሩ በሦስት ጊዜ ይግባ፦ ሲፈረም፣ ቀረጻ ሲያልቅ፣ ኤዲት ሲዘጋ። አንዱን ዙር ካልከፈለ ቀሪው ድርሻው በከፈለው ልክ ይሁን። እንዲህ ስትይው ወይ ይደነግጣል ወይ ያከብርሻል። ከደነገጠ ቀድሞም አብራችሁ አትዘልቁም ነበር። ከፈለገ ደግሞ ከገጹ ላይ የቀረጻውን 150,000 ብቻ ይውሰድ። ሁሉንም ቀዳዳ አንድ ሰው እንዲደፍን ባይሆን እመርጣለሁ። ውሉን ግን ከመፈረምሽ በፊት ጠበቃ ይየው።

ኪክስታርተርን ለአክስትሽ ልጅ እንዲህ አስረጂው። ኢትዮጵያ ዘመቻ መክፈት ከሚፈቀድባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ በሕግ የዘመቻው ባለቤት እሱ ይሆናል፤ ብሩ የሚገባው ወደ እሱ ሒሳብ ነው፣ ግብሩም የእሱ ነው። ያሰባችሁት መጠን ካልሞላ ምንም አይሰጣችሁም። ከሞላም 5 በመቶ ለድርጅቱ፣ ከዚያ በላይ የክፍያ ማስተላለፊያ ይቆረጣል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ በየቀኑ የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። እሱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ይከብደዋል። ይልቅ አራት ደቂቃውን ለሚያውቃቸው 20 ሰዎች ያሳይና የሙዚቃውን 70,000 ብር አብረው ይሸፍኑ። በባንክ በኩል ይላኩ። ለዚህ ሥራ ብቻ የተከፈተ ሒሳብ ይኑርሽ፤ የገባውንና የወጣውን በየወሩ ላኪላቸው።

«አክሲዮን» ብለሽ ቴሌግራም ላይ እንዳታወጪ። ለሕዝብ ድርሻ መሸጥ በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የሚገዛ ነው፣ ፈቃድ ይፈልጋል። አራጣም አትበደሪ፤ ወንጀል ነው፣ ቤተሰብም ያፈርሳል። የውጭ ፈንዶችን በተመለከተ ወጣት ፊልም ሠሪዎች ስማቸውን የሚጠሯቸው የሮተርዳሙ ሁበርት ባልስ ፈንድና የበርሊኑ ወርልድ ሲኒማ ፈንድ በዋናነት ለረጅም ፊልም ናቸው። ለቴሌቪዥን ፓይለት ማመልከቻ እየጻፍሽ ወራት አታባክኚ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ትቼው ሥራ ልቀጠር ያልሽው። ተቀጠሪ። አትተዪውም ግን። የእቁቡ ክፍያ አለብሽ፤ እሱ ሳያልቅ ከነጋዴ ጋር ስትደራደሪ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ደመወዝ ያለው ሰው «ላስብበት» ማለት ይችላል። አራት ደቂቃውን ለመጨረስ ከኤዲተሩ ጋር አምስት ወይም ስድስት ማታ ይበቃችኋል። የካዛንቺሱ ቀረጻ ቅዳሜ ሙሉ ቀንና እሁድ እስከ እኩለ ቀን ነው። መንገዱም እሁድ ጠዋት ጭር ይላል፣ ለድምፅ ይመቻል። ያቺ ሥራ ይዛ የመጣችው ገጸ ባሕርይሽ ምን እንደምትል ያኔ ከአሁኑ የተሻለ ታውቂያለሽ።